የምሽት ሽርሽር በጎርጎራ ልሳነ ምድር

ከሥራ በኋላ ወይም በዕረፍት ቀን ቤተ ሰብን ይዞ ወጣ ብሎ ነፋስ መቀበል መልካም ልማድ ነው። በጎንደር ከተማ አመሻሹ ላይ ከፒያሳ ተነሥቶ በፋሲል ግንብ አጥር ዙሪያ፥ ሲበረታም እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ በእግሩ የሚመላለሰው ተማሪና ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ቍጥሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሰው ዕረፍት አግኝቶ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ገጠር የሄደ እንደ ሆነ ልማዱን እከተማ ትቶት ይሄዳል። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ እቤት ይገባል፤ ተቀምጦ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ወሬ ይጠያየቃል፤ በማግሥቱም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ መኪናው ይመለሳል። የታረደለት በግና የተጠመቀለት ጠላ ትዝ ይሉት ይሆናል፤ ዘመዱ የሚኖርበትን ምድር ግን አላየውም።

ይህ እንዲህ ሲሆን የሚጐዳው እንግዳው ብቻ አይደለም። ከአዛውንቱ ጋር በእግር የሚሄድ ልጅ ከሌለ አዛውንቱ የሚያውቁት ነገር አብሮአቸው ይቀራል። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፥ የትኛው ማሳ ትናንት ረግረግ እንደ ነበረ፥ የትኛው ቅጠል መድኃኒት፥ የትኛውም መርዝ እንደ ሆነ የሚነገረው በመንገድ ላይ እንጂ በማዕድ ዙሪያ አይደለም። አንድ ነገር በዓይን ታይቶ በጣት ካልተመለከተ ጠያቂም መላሽም የለውም።

እኛም ይህን ያስተዋልነው በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር አጎታችንን ለመጠየቅ ወደ ደምቢያ በወረድን ጊዜ በጎርጎራ ካደረግነው የምሽት ሽርሽር የተነሣ ነው። ጉዳዩ ለጎንደር ተማሪና ለወጣት ሠራተኛ በቀጥታ የሚደርስ ሆኖ ስላገኘነው ያየነውንና የሰማነውን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ከጎንደር እስከ ሐይቁ

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚሄድ መንገደኛ በመጀመሪያ ወደ አዘዞ ይወርዳል፤ ከዚያም የቆላ ድባን መንገድ ይዞ የደምቢያን ሜዳ ያቋርጣል። መንገዱ በጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ ጣና ዳርቻ ሲወርድ አየሩ እየሞቀ፥ አፈሩም ወደ ጥቁር ዋልካ እየተለወጠ ይሄዳል። በኅዳር ወር ጤፉ ደርሶ አጨዳው ተጀምሯል፤ ሽምብራውም በዋልካው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈ መስሎ ይታያል።

ይህ መንገድ ወደ ኋላ የሚሄድ የታሪክ መንገድ ጭምር መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሩት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ ግን የተቀመጡት በጣና ዙሪያ፥ በደንቀዝና በአዘዞ ነበር፤ አስከሬናቸውም ያረፈው በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ነው። በጎርጎራም በስተ ምዕራብ በኩል፥ ዛሬ አሮጌ ጎርጎራ በሚባለው ስፍራ፥ በእሳቸው ዘመን ከተማ ተቈርቍሮ የድንጋይ ሕንፃ ታነጸበት። የማርያም ግንብ እየተባለ የሚጠራው ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የአባይን ምንጭ በ1610 ዓ.ም. አይቶ የጻፈው የስፔይን ተወላጅ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. የሞተው በዚሁ በጎርጎራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። በሃይማኖት ለውጥ ምክንያት አገር ታመሰ፥ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት በአዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ልጃቸው ወደ ደጋው ወጥተው ጎንደርን ሲያንጹ ግን ሐይቁን ፈጽመው አልተለዩትም። ዐፄ ፋሲለደስ ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው የተወሰደው በጣና መካከል ወዳለችው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ነው። እንግዲህ ጎንደሬው ስለ ግንቡ ብዙ ይናገራል፤ ግንቡ ከመታነጹ በፊት መንግሥቱ የከረመበትን፥ ከታነጸም በኋላ ንጉሡ ያረፉበትን ውሃ ግን ረስቶታል ማለት ይቻላል።

በዳርቻው ላይ

ጎርጎራ ከሰሜን በኩል ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ናት። በሦስት ወገን ውሃ ስለሚታይ እዚያ የሚመላለስ ሰው በደሴት ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ በረድ በማለቷ ልጆቹን፥ የልጆቹን እናትና አጎታችንን ይዘን ከቤት ወጣን። የአጎታችን ባለቤት «ቡናው እስኪደርስ ተመለሱ፤ ከመሸ ጉማሬ ይወጣል» ብለው አስጠነቀቁን።

መጀመሪያ የደረስነው ወደብ ነው። ከዚህ ወደብ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር የምትመላለስ መርከብ ነበረች፤ መንገደኛው፥ እህሉ፥ ፍየሉና ዶሮው ሁሉ በአንድነት ተጭኖ በየጠረፉ እየቆመ ይሄድባት ነበር። ጥቂት እልፍ እንዳልን በዛፎች ጥላ ውስጥ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ14ኛው መቶ ዓመት እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ደብር ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነው፤ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈነው ሥዕል የ17ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሲሆን ሥዕሉን ያሠሩት የዐፄ ፋሲለደስ እኅት መለኮታዊት መሆናቸው ይነገራል። በግቢው ያሉት ዛፎች የአካባቢው ደን ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚያሳዩ ቀሪ ምስክሮች ናቸው። በጣና ዙሪያ በየደብሩና በየገዳሙ ግቢ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን ዋርካና ዋንዛ በአንድነት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል።

ከዚያ ወደ ውሃው ዳር ወረድን። ትንሿ ልጅ ውሃውን አይታ አጎታችንን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፥ ይኸ ባሕር ነው ወይስ ሐይቅ?»

«መምህርሽ ምን አሉሽ?»

«ሐይቅ ነው አሉን።»

«እሳቸውም ልክ ናቸው። እኛ ግን ባሕር እንለዋለን። ማዶው የማይታይ ውሃ ባሕር ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

በእርግጥም ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ፥ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ደሴቶቹ 37 እንደ ሆኑ ይቈጠራል። ለስፋቱ ያህል ግን ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ውሃው ጥቂት የጐደለ እንደ ሆነ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። በ1995 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ የውሃው መጠን በጣም ከመውረዱ የተነሣ መርከቦች መንቀሳቀስ ተስኖአቸው ነበር። ሰፊ ሆኖ ጥልቅ አለመሆኑ የሐይቁ ደካማ ጐን ነው፤ ከላይ የሚገባውን ደለልና ቆሻሻ የሚሰውርበት ጥልቅ ሆድ የለውም።

በምዕራብ በኩል ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድ ሰው ታንኳውን በረዥም ዘንግ እየገፋ ወደ ዳር መጣ፤ የጫነው ማገዶ ነበር። «እንደምን አመሻችሁ?» አለና ታንኳውን ጐትቶ አውጥቶ እንዲደርቅ ወደ ላይ አቆመው። ወንዱ ልጅ ቀርቦ በእጁ ዳሰሰው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ይታጨዳል፥ ይደርቃል፥ ከዚያም በልጥ ወይም በገመድ እየተጠፈረ ይታሰራል። ውሃ ስለሚጠጣ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቢሆንም ጥበቡን የያዙት ሰዎች፥ በተለይም ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸውን በሐይቁ ላይ የመሠረቱት የነገደ ወይጦ ተወላጆች፥ በጥቂት ጊዜ ሌላ ሠርተው ይተካሉ። እንዲህ ያለው ጀልባ በጥንታዊ ግብጽ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይገኛል። ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሣ «ራ» ብሎ የሰየማት ጀልባ የተሠራችው ከዚሁ ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ታንኳውን በሌላ ዓይን ተመለከተው።

አጎታችን ግን ወደ ሌላ ነገር ጠቈሙን። «እኔ እንደዚህ ልጅ ሳለሁ ከዚያ ዋርካ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ ደንገል ነበር፤ ሰው ቢገባበት አይታይም። ጋጋኖውና ይብራው እዚያ ይፈለፍላል፥ ዓሣውም ልጆቹን እዚያ ያሳድጋል። ዛሬ የምታዩት ማሳ ነው።» ማን እንዳረሰው ስንጠይቃቸው አላመነቱም። «እኛው ነን። ውሃው ሲሸሽ ተከትለን ሽምብራና ጓያ ዘራን። ልጅ በዛ፥ መሬት ጠበበ፤ ምን እናድርግ? እኔም የድርሻዬን አጭጃለሁ።»

ይህን ሲናገሩ በርቀት አክሊል የመሰለ ላባ በራሳቸው ላይ ያላቸው ሁለት ባለ ረዥም እግር ወፎች ከማሳው ዳር ተነሥተው ወደ ማደሪያቸው በረሩ። ከእነርሱም ወዲያ ክረምታቸውን ሸሽተው ከሰሜን አገር የመጡ ግራጫ ወፎች በመንጋ እየጮኹ አለፉ። ሁላችንም ቆመን ተመለከትናቸው።

ሐምራዊው አበባ

ጥቂት ከሄድን በኋላ ትንሿ ልጅ ሮጣ ወደ ውሃው ቀረበች። ነፋስ ገፍቶ ያመጣው አንድ ቍራጭ አረንጓዴ ቅጠል በዳርቻው ላይ ተጠግቶ ነበር። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ፥ በመካከሉም የቆመው አበባ ሐምራዊ ሆኖ እጅግ የሚያምር ነው። ልጅቱ አንዱን ቀጥፋ ለእናቷ ልታመጣ እጇን ስትዘረጋ አጎታችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተዪው ልጄ! ተዪው!» አሏት። ልጅቱ ደንግጣ ቆመች።

«ምነው አባባ? አበባ አይደለም እንዴ?»

«አበባ ነው። ስሙ እምቦጭ ነው። እባክሽ ከዚያ ተመለሽ።»

እናቷ «ሲያዩት ግን እንዴት ያምራል!» አለች።

«ማማሩንማ ያምራል። እኛም መጀመሪያ ያየን ጊዜ ልጆች ለዓመት በዓል ጕዝጓዝ እናድርገው ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ መረብ ስንጥል ቀረሶውና አምባዛው ቀርቶ ቅጠል ይዞ ይወጣል። ከብት የምናጠጣበት በር ተዘጋ፤ ቅጠሉን የበላ ከብትም አይስማማውም። በዘመቻ ወጣን፤ ደረታችን ድረስ እየገባን በእጃችን ነቀልን። አልቅቱ አለ፥ እባቡ አለ። ደክመን ያጸዳነውን ነፋስ በአንድ ሌሊት መልሶ ያመጣዋል።»

አጎታችን ይህን የተናገሩት ሳይቈጡና ሳያማርሩ ነው። ዱላቸውን አንሥተው ቍራጩን ከውሃው እየሳቡ ወደ ደረቁ አወጡት፤ ወንዱ ልጅም ምንም ሳይባል አገዛቸው። ሥሩ ጥቁርና ረዥም ነበር፤ በሥሩም መካከል ጭቃ ተንጠልጥሏል። ስድስት ወይም ሰባት ሥር ያህል አውጥተው ከዳርቻው ራቅ አድርገው በፀሐይ እንዲደርቅ ከመሩት። ከሐይቁ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ይህ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን አጎታችን በየምሽቱ ሲመላለሱ ያገኙትን ሳያወጡ እንደማያልፉ ነገሩን።

ስለዚህ ተክል ጥቂት ማስረዳት ተገቢ ነው። የእምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፥ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የተዛመተው በአብዛኛው ስለ አበባው ውበት ሰዎች ለጌጥ እያሉ ስለ ወሰዱት ነው። በአገራችን በአዋሽ ወንዝና በቆቃ ግድብ መታየት የጀመረው ከ50 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ሲሆን በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃንና አየር ስለሚከለክል ዓሣው ይታፈናል፤ ጀልባ መሄጃ ያጣል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ጠረፍ ሕዝብም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ይኸው መከራ ደርሶበት፥ ተክሉን ብቻ የሚበሉ ጥቃቅን ነቀዞችን አርብቶ በመልቀቅና በሌላም ዘዴ ብዙ ቀንሶት ነበር፤ ፈጽሞ ግን አላጠፋውም።

በጣና የሚጐዳው ነገር በሌላ ስፍራ የማይተካ ነው። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ካሉት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ዐሥራ አምስት ያህሉ በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። እነዚህም ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። የወንዞቹ አፍ በቅጠል ከተዘጋ፥ ወይም መረብ ከተጋረደበት፥ መመለሻ የላቸውም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ክልሎች መዝገብ ያስገባው ይህንና ይህን የመሰለውን ሀብት በማሰብ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል

እምቦጭ በጣና ላይ በመጀመሪያ በብዛት የታየው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፥ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ይህን ስንሰማ ልጁ «መገጭ ከየት ነው የሚመጣው?» ሲል ጠየቀ። መልሱን አጎታችን ሳይሆኑ እኛው መስጠት ነበረብን፤ ምክንያቱም መገጭ የሚመጣው ከእኛው ነው።

የጎንደር ከተማ በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት፤ በአንድ ወገን ቀሃ፥ በሌላው ወገን አንገረብ ይፈሳል። ሁለቱም ከከተማው በታች ተገናኝተው ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይደርሳል። እንግዲህ በጎንደር ሠፈሮች በዝናብ የሚታጠበው አፈር፥ ከየጓሮው የሚፈሰው እጣቢ፥ በየጉድባው የሚጣለው ቆሻሻ፥ ከተራቈቱት የደጋ ተራሮችና ከታረሱት ተዳፋቶች የሚወርደው ደለልና ማዳበሪያ ሁሉ መጨረሻው ይህ ዳርቻ ነው። እምቦጭም የሚወፍረው ይህን እየተመገበ ነው። ዳርቻውን አጥሮ ደለሉን ያጣራ የነበረው ደንገል በታረሰበት ስፍራ ደግሞ ከላይ የመጣው ሁሉ የሚያግደው ሳያገኝ በቀጥታ ይገባል።

ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ታዲያ በድልድዩ ላይ ሆነን የምንጥለው ፌስታል እዚህ ይመጣል ማለት ነው?» አለ። አጎታችን ሳቁና «ይመጣል እንጂ! እኔ ነኝ ከመረቤ የማወጣው» አሉት። ልጁ ግን አልሳቀም።

በመኪና ተሳፍሮ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጓዝ ሰው ጎንደርና ጣና ሁለት ልዩ ልዩ አገር ይመስሉታል። ውሃው ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አያውቅም። በከተማው የሚኖረው ተማሪና በዳርቻው የሚኖረው ገበሬ፥ ሳይተያዩ በአንድ ወንዝ ላይና ታች የተቀመጡ ጎረቤቶች ናቸው። ጎረቤት ቆሻሻውን ወደ ጎረቤቱ ደጅ መድፋቱ ነውር መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ደጁ የጎረቤት መሆኑን ማወቅ ብቻ ነው።

የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ያደረጉት

የጎንደር ተማሪ ስለ ደምቢያ ሲያስብ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ ላይ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጎንደር እንድትመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የሚገኘው ይህ ትምህርት ቤት ከጅምሩ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ያወጣ ነበር። ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን በክፍል ብቻ አልተማሩም፤ ወደ ቆላ ድባና ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ወርደው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ሥራውን በእጃቸው ሠሩት። የወባ መከላከል ሥራ በአገራችን ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ያው የደምቢያ ሜዳ ነው።

አጎታችን በልጅነታቸው እነዚያን ተማሪዎች አይተዋል። «ጐረምሶች ነበሩ። ነጭ ልብስ ለብሰው መጥተው ጭቃችን ውስጥ ገቡ። እናቴ ‹እነዚህ የሰው ልጆች ምን በደሉና እዚህ ቆላ ላኳቸው?› ትል ነበር። በኋላ ግን ጠላ ይዛ ትጠብቃቸው ጀመር» ሲሉ አጫወቱን። ወባ ከደምቢያ ፈጽሞ አልጠፋችም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ እንዳደረገችው መንደር ባዶ ማድረጓ ቀረ። ይህም የሆነው በአንድ ዘመቻ ወይም በአንድ ቀን ጩኸት አይደለም፤ ሥራውን ዓመት ከዓመት ሳያቋርጡ የያዙት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

እምቦጭንም በሚመለከት የታየው እውነት ይኸው ነው። በዘመቻ ጊዜ ብዙ ወጣት ከየከተማው መጥቶ ደክሟል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዘመቻው ሲያልፍ ሐይቁ ዳር የሚቀረው ገበሬው ብቻ ነው። በዳርቻው ላይ አረሙን መንቀል ከላይ የሚወርደውን ምግቡን ከመቀነስ ጋር ካልተባበረ ባልዲ ቀዳዳ ሳለ ውሃ እንደ መቅዳት ይሆናል።

ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ፤ ከሩቅ የጉማሬ ድምፅ ተሰማ። ልጆቹ እየፈሩም እየተደሰቱም እጃችንን ይዘው ወደ ቤት ተመለስን፤ ቡናውም ደርሶ ጠበቀን። በዚያ ምሽት ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ በእግራችን ተመላልሰናል። በቤት ተቀምጠን ብንውል ኖሮ ግን ስለ ደንገሉም፥ ስለ መገጭም፥ ስለ ነጭ ለባሾቹ ተማሪዎችም የሚያነሣ አልነበረም።

ለወጣቱ አንባቢ

ከዚያ ወዲህ ጎርጎራ ተለውጣለች። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዷ ሆና ዘመናዊ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶባታል። ይህ መልካም ነው። እንግዳ የሚመጣው ግን ውሃውን ለማየት ነው፤ ውሃው በቅጠል የተሸፈነ እንደ ሆነ ያማረ ሕንፃ ብቻውን እንግዳ አያቆይም። ስለዚህ የሐይቁ ደኅንነት የገበሬው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የከተማውም እንጀራ ነው።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ የተሰጠው ወንበር በማዘጋጃ ቤት ቢሆን የቀሃና የአንገረብ ዳርቻ ጽዳት በእጁ ነው። በእርሻ ቢሮ ያለው ስለ ተዳፋት እርከንና ስለ ዳርቻ ደንገል ለማስተማር ይችላል። አስተማሪው በካርታ ላይ የጎንደርን ወንዞች እስከ ሐይቁ ድረስ በጣቱ እየተከተለ ለልጆች ሊያሳይ ይገባዋል። ተማሪውም ቢሆን ከድልድይ ላይ አንዳች ነገር ከመጣሉ በፊት የሚደርስበትን ቦታ ሊያስብ ይችላል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይልቁንም ታች ያለውን ሰው ማሰብን ይጠይቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን፥ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ገጠር የሚሄድ ሁሉ፥ መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲገኝ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ አመሻሹ ላይ ወጣ ይበል። ከተቻለ አዛውንቱን በፊት አስቀድሞ ልጆቹን በኋላ ያስከትል። ልጅ ይጠይቅ፥ አዛውንት ይመልሱ፤ በመካከል ያለነው ደግሞ ከሁለቱም እንስማ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት በዚያ ዳርቻ የሚቆመው ልጅ ስለ ጣና የሚናገረው በዓይኑ ያየውን ይሆን ወይስ ከመጽሐፍ ያነበበውን ብቻ፥ የሚወሰነው ዛሬ ላይና ታች የተቀመጥነው ጎረቤቶች በምናደርገው ነው።